የተመለሰውን ማን ይቀበለዋል?

እግዚአብሔር ከቤቱ ወጥቶ የተመለሰን ሰው ይቀበላል ወይ ብለው ቢጠይቁህ፣ ወዳጄ፣ ለመመለስ ብዙ አታስብም። ገና ሰንበት ትምህርት ቤት ሳለህ በእሪያዎች መካከል የተቀመጠውን ልጅ ሥዕል ቀለም ቀብተሃል። አባትየው እጁን ዘርግቶ ሲሮጥም አይተሃል። ስለዚህ «አዎ፣ ይቀበላል» ትላለህ፤ ልክም ነህ። እኔ ዛሬ ላነሣልህ የፈለግሁት ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ነው፤ ብዙዎቻችን በልባችን ይዘነው በኅብረት መካከል ለመናገር የምናፍረውን። ይህ አቀባበል ቤት ለቀሩት ፍትሐዊ ነው ወይ? (አንቺም እህቴ፣ በወንድ አንቀጽ መጻፌ ለማሳጠር ብቻ ነው፤ ነገሩ ያንቺም ነው።)

ጥያቄው የክፉ ልብ ጥያቄ ብቻ አይምሰልህ። ዓመታት ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓትህን ለመዘምራን ልምምድ ሰጥተሃል። የክፍልህ ልጆች ሲወጡ አንተ ቀርተሃል። በጉቦ ሊገኝ የሚችል ሥራ አልፎሃል። ከዚያ በዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቱ ላይ ጥሎ የሄደ ጓደኛህ አንድ እሑድ ይመጣል፤ ማይክ ይሰጠዋል፤ የነበረበትን ሁሉ ይተርካል፤ አዳራሹ በእልልታና በጭብጨባ ይናወጣል። አንተም አጨበጨብህ። ወደ ቤት ስትሄድ ግን አንድ ነገር ጎረበጠህ። «እኔ የትም አልሄድሁም» ብሎ ለሚመሰክር ሰው እልል ሲባል ሰምተህ አታውቅም።

ሉቃስ 15 ላይ ያለው ታላቅ ወንድም የጎረበጠው ይኸው ነበር። ስብከቶቻችን ይህን ሰው ቶሎ ይከሱታል፤ ግብዝ፣ ቀናተኛ፣ ፈሪሳዊ ይሉታል። እኔ ትንሽ ልሟገትለት እወዳለሁ። ምዕራፉን ቀስ ብለህ አንብበው። ታናሹ ድርሻዬን ስጠኝ ባለ ጊዜ አባትየው ለታናሹ ብቻ ቆርሶ አልሰጠም፤ ሀብቱን ለሁለቱ አካፈለ። ታናሹ የራሱን ይዞ ሄዶ በተነው። እንግዲህ ቤት ውስጥ የቀረው ከብት፣ እህል፣ ልብስ ሁሉ የማን ድርሻ ነው? አባትየውም በኋላ ለታላቁ የእኔ የሆነው ሁሉ የአንተ ነው ብሎ ያረጋግጥለታል። ስለዚህ ያ የሰባ ፍሪዳ ሲታረድ የታረደው ከታላቁ ወንድም ርስት ነው። ቀለበቱም ጫማውም ከእርሱ ድርሻ ነው የወጣው። በዚያ ላይ ማንም አላማከረውም፤ ከእርሻ ሲመለስ የዘፈን ድምፅ ሰምቶ ከአንድ ብላቴና ነው ነገሩን የጠየቀው። እኔና አንተ በእርሱ ቦታ ብንሆን ደጅ ከመቆም አልፈን ሽማግሌ እንሰበስብ ነበር።

ስለዚህ የታላቁ ወንድም ቅሬታ መሠረት አለው። ለሌላ ሰው መመለስ የሚከፈለው ዋጋ በከፊል ከቀረው ሰው ኪስ ይወጣል። ይህን ሳይናገሩ ስለ ምሕረት መስበክ ቀላል ነው። የምሕረት ደስታ ነፃ የሚመስለው ከፋዩ ሌላ ሰው ሲሆን ነው።

አባትየው ያደረገውን ደግሞ በእኛ አገር ዓይን ተመልከተው። በብዙ አካባቢያችን የበደለ ሰው እርቅ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል። ሽማግሌዎች ከፊቱ ይቀድማሉ። ተበዳዩ ይቅር እስኪል ድረስ ድንጋዩ ከጫንቃው አይወርድም። ሥርዓቱ የሚያስከብር ነው፤ የበደልን ክብደት ዓይን እንዲያየው ያደርጋል፤ ልናጣጥለው አይገባም። ታናሹ ልጅም የራሱን ድንጋይ ተሸክሞ ነበር የመጣው፤ ድንጋዩ በመንገድ ላይ ሲለማመደው የቆየው ንግግር ነው። በሰማይና በፊትህ በደልሁ ሊል፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም ሊል፣ በመጨረሻም ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ ሊል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይላል። ሦስተኛውን ሊል ሲል አባትየው ባሪያዎቹን ይጠራል፤ ልብስ አምጡ ይላቸዋል። ኑዛዜውን ሰምቶታል፣ አላቋረጠበትም፤ የቅጥር ውሉን ግን አልሰማውም። ደግሞ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሽማግሌ የለም። ጋቢ የለበሰ የተከበረ ሰው በመንደር መካከል ሲሮጥ አይታይም፤ እኚህ አባት ግን ሮጡ።

ሽማግሌ የተላከበት ልጅ ካለ ታላቁ ነው። አባትየው ከግብዣው ወጥቶ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ደጅ ላይ ለመነው። ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው ይህን ነው፤ አባት በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ከቤት ወጥቷል፤ አንዴ ለሄደው፣ አንዴ ላልሄደው።

ወደ ታሪክ እንለፍ፤ ይህ ጥያቄ ቤተ ክርስቲያንን አንድ ጊዜ ለሁለት ከፍሏታልና። እ.ኤ.አ. በ250 ገደማ የሮም ቄሣር ዴክዮስ በግዛቱ ያለ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋና ይህንኑ የሚያረጋግጥ ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ። ከእነዚህ ወረቀቶች ከ40 በላይ የሚሆኑት ከግብጽ አሸዋ ውስጥ ተገኝተዋል። ቃላቸው እንደ ቀበሌ ማመልከቻ ደረቅ ነው፤ አመልካቹ ሁልጊዜ ለአማልክት ይሠዋ እንደ ነበር፣ አሁንም በሹሞቹ ፊት እንደ ሠዋና ከመሥዋዕቱ እንደ ቀመሰ ይገልጻል፤ ከሥሩ ፊርማ አለ። በዚህ ፈተና ከክርስቲያኖች ብዙዎች ወደቁ። በሰሜን አፍሪካ የካርቴጅ ጳጳስ የነበረው ቆጵርያኖስ እንደ ጻፈው አንዳንዶች ሳይያዙ በፊት በራሳቸው እግር ወደ አደባባይ ሮጡ፤ ሹሞቹ መሽቷል ብለው ለነገ ሲቀጥሯቸው እንኳ ዛሬውኑ ይሁን ብለው ለመኑ። ሌሎች ሳይሠዉ ጉቦ ከፍለው ወረቀቱን ብቻ አወጡ። ሌሎች ደግሞ እስር ቤት ገብተው፣ ተገርፈው፣ አልካዱም።

ከዚያ ስደቱ በረደ፤ የካዱትም በር ላይ መጥተው ቆሙ።

አሁን አንተ ፍረድ። በውስጥ ጀርባው ላይ የግርፋት ጠባሳ ያለው ወንድም ተቀምጧል። በበር ላይ ወረቀቱን የፈረመው ቆሟል። ምን ታደርጋለህ? በሮም ኖቫትያን የሚባል የተማረ ቄስ፣ እግዚአብሔር ሊምራቸው ይችል ይሆናል፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ልትቀበላቸው አትችልም አለ፤ በ251 የራሱን ቤተ ክርስቲያን አቋቋመ፤ ተከታዮቹም ንጹሓን ተባሉ። በካርቴጅ ደግሞ ተቃራኒው ችግር ነበር። ስለ እምነታቸው ከታሰሩት አንዳንዶቹ ከእስር ቤት የእርቅ ደብዳቤ ይጽፉ ጀመር፤ እገሌ ከነቤተሰቡ ይቀበል እያሉ፣ ስም እንኳ ሳይዘረዝሩ። ቆጵርያኖስ በሁለቱም ተጨነቀ። እርሱ ራሱ በስደቱ ጊዜ ተደብቆ በደብዳቤ መንጋውን ይመራ ስለ ነበር ሰዎች ወቅሰውታል፤ በኋላ በ258 ግን በሰይፍ ተሠዋ። በ251 በካርቴጅ ከተሰበሰቡ ጳጳሳት ጋር ያገኙት መንገድ ቀስ ያለ ነበር። ወረቀት ብቻ የገዙት እያንዳንዳቸው ጉዳያቸው ተመርምሮ ይቀበሉ፤ የሠዉት በረጅም ንስሐ ይቆዩ፤ ሞት አፋፍ ላይ ከደረሱ ግን አይከልከሉ አሉ።

ጥቂት ቆይቶ ሌላ ስደት ሲያንዣብብ ያደረጉት ግን ከሁሉ ይበልጥ ይደንቀኛል። በንስሐ የቆዩትን ሁሉ አሁኑኑ እንቀበል አሉ። ምክንያታቸውን አስተውል። እነዚህን ሰዎች ነገ ስለ ክርስቶስ ደማችሁን አፍስሱ እንላቸዋለን፤ ታዲያ ዛሬ የክርስቶስን ጽዋ ከልክለናቸው በምን ጉልበት ይቆሙ? እስከ ዛሬ የጌታን ማዕድ በደንብ ለጸና ሰው እንደሚሰጥ ሽልማት ስታይ ከኖርህ ይህን ክርክር ደጋግመህ አስበው። የተመለሰው ሰው የወደቀበት ፈተና ነገም ይጠብቀዋል። የድሮው ስልክ ቁጥር አለ፤ የድሮው ጓደኛ ሰፈሩ ውስጥ ነው። ስንቅ ሳትሰጠው በርታ ማለት ምንድን ነው?

በ325 የኒቅያ ጉባኤም ወደዚሁ ጉዳይ ተመልሷል። ሳይገደዱ ለካዱት የ12 ዓመት የንስሐ ጊዜ ወሰነ፤ ሞት አፋፍ ላይ ያለ ግን ቅዱስ ቁርባን እንዳይነፈግ አዘዘ። 12 ዓመት ለእኔ በጣም ረጅም ነው፤ የዘመኑን ቁስል ባላውቅ ኖሮ ጨካኝ እላቸው ነበር። ቢሆንም መጨረሻ ያለው መንገድ ነው፤ የተመለሰው ሰው ስንት ዓመት እንደሚቀረው ያውቃል። በእኛ አጥቢያዎች ግን «ትንሽ ይቆይ» የተባለ ሰው መቼ እንደሚያበቃ የሚነግረው አያገኝም፤ ቃለ ጉባኤው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀይሮ ይጠፋል።

ይህ ታሪክ ከሩቅ አገር የመጣ አይምሰልህ። አያትህን ወይም እናትህን ስለ ደርግ ዘመን ጠይቅ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ። በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ መሪዎቿ ታሰሩ፤ ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ ጸለዩ። በስብሰባ ላይ ግራ እጅህን አንሣ፣ መፈክር አሰማ የተባሉ ወጣቶች ነበሩ። እጃቸውን ያላነሡትን ታሪክ እየሰማን አድገናል፤ ይገባልም። ያነሡትን ግን የሚተርክልን የለም። በ1983 ዓ.ም. በሮቹ ሲከፈቱ ከእነርሱም የተመለሱ አሉ፤ ዛሬ ምናልባት አዳራሹ ውስጥ ካንተ ሁለት ወንበር ፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ከእነርሱ አንዱ ይሆናሉ። ከአጠገባቸው የተቀመጡት ደግሞ የታሰሩት ናቸው። ሁለቱ አንድ ኅብስት ሲቆርሱ ማየት ከብዙ ምስክርነት ይበልጥብኛል።

ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 3 ነገሩን ከዚህም ያከብደዋል። የሙሴ ሕግ በዘዳግም 24 ላይ አንድ ሰው የፈታት ሚስቱ ሌላ ካገባች በኋላ መልሶ ሊያገባት አይችልም ይላል። ኤርምያስ ይህን ሕግ በእግዚአብሔር አፍ ያስታውሳል፤ ሕዝቡ አንድን ሳይሆን ብዙ ወዳጆችን ተከትሏል ይላል። አድማጩ የሚጠብቀው ፍርድ ግልጽ ነው፤ በሩ በሕግ ተዘግቷል። ከዚያ በዚያው ምዕራፍ ተመለሱ የሚለው ጥሪ ደጋግሞ ይመጣል። እግዚአብሔር ሕጉን የረሳ ሆኖ አይደለም፤ ራሱ ጠቅሶታል። ባል የሚያፍርበትን ውርደት ራሱ ሊሸከም ፈቅዶ ነው። ቀድሞ ያነሣነው የዋጋ ጥያቄ እዚህ ላይ ሌላ መልክ ይይዛል። ታላቁ ወንድም ከፍሪዳው ከፈለ፤ አባትየው ከክብሩ ከፈለ፤ በመስቀል ላይ የተከፈለውን አንተም ታውቃለህ። ቅሬታህን ወደ አባትህ ስታቀርብ ካንተ በላይ የከፈለ ፊት እንደምትቆም አስብ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብን፤ አለበለዚያ ተሳስተን እናሳስታለን። መቀበል ሌላ፣ ኃላፊነት መመለስ ሌላ ነው። የኅብረቱን ገንዘብ ያጎደለ ገንዘብ ያዥ ንስሐ ሲገባ ይቅር ይባላል፤ ማዕድ ይቀርባል፤ የካዝናውን ቁልፍ ግን በማግስቱ አንሰጠውም። ይህ ቂም አይደለም፤ ለእርሱም ጥበቃ ነው። አመኔታ በጊዜ ይበቅላል። ችግሩ እኛ ጋ ነገሩ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ መገኘቱ ነው። ድምፁ ያማረ ዘማሪ ወድቆ ሲነሣ በሦስት ወሩ መድረክ ላይ ነው፤ ያለ እርሱ ፕሮግራሙ አይደምቅምና። ሳታገባ የፀነሰችው ልጅ ግን ከመዘምራን ወጥታ፣ ከጌታ እራት ታግዳ፣ ከኋላ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ልጇ ሲያለቅስ ቶሎ ለመውጣት ይመቻታል። የልጁ አባት ሌላ አጥቢያ ሄዶ ጊታሩን ይጫወታል። ስም አልጠራሁም፤ መጥራትም አያስፈልገኝም። አንተ አንዷን ታውቃታለህ። ጥያቄው ባለፈው እሑድ ከአዳራሽ ስትወጡ ሰላም ብለሃታል ወይ የሚለው ነው።

ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ ስለ አንድ የተቀጣ ሰው ሲጽፍ፣ ቅጣቱ ይበቃዋል፣ አሁን አጽናኑት፣ ሐዘን እንዳይውጠው ይላል። ሐዘን ሰውን ሊውጠው እንደሚችል ያውቅ ነበር። እኛ ሐዘኑ ሲበዛ ንስሐው ጥልቅ ነው ብለን እናደንቃለን።

ጌታ ጴጥሮስን የመለሰበትን መንገድ ደግሞ እይ። በዮሐንስ ወንጌል የከሰል እሳት ሁለት ጊዜ ይነሣል። አንዱ በምዕራፍ 18፣ ጴጥሮስ እየሞቀ ሦስት ጊዜ የካደበት። ሌላው በምዕራፍ 21፣ በጥብርያዶስ ባሕር ዳርቻ ኢየሱስ ራሱ አንድዶ ዓሣና እንጀራ ያዘጋጀበት። ጴጥሮስ ከጀልባ ዘሎ ሲደርስ አፍንጫው ያንን ሽታ ያውቀዋል። ሦስቱን ክህደት የሚነኩ ሦስት ጥያቄዎችም ይመጣሉ፤ ነገሩ ተድበስብሶ አልታለፈም። ቅደም ተከተሉን ግን ልብ በል፤ ጥያቄው የመጣው ከበሉ በኋላ ነው። የራበውንና የበረደውን ሰው መጀመሪያ አበላው። ብዙ ኮሚቴዎቻችን በጥያቄው ጀምረው ቁርሱን ለመጨረሻ ያስቀምጡታል፤ ሰውየውም ሳይበላ ይሄዳል።

ምናልባት ይህን የምታነበው አንተ ከቀሩት ወገን አይደለህም። መጽሔቱን እናትህ ጠረጴዛ ላይ ትታው ይሆናል፤ ወይም ቤይሩት ወይም ዱባይ ውስጥ የምትሠሪበት ቤት ሰው ሁሉ ሲተኛ በስልክሽ እያየሽው ይሆናል። ዕብራውያን 6ን የምታውቅ ከሆነ አንድ ፍርሃት ይኖርህ ይሆናል፤ የቀመሱና የካዱ ሰዎችን ዳግመኛ ለንስሐ ማደስ አይቻልም የሚለው ቃል። ያንን ቃል ላለዝብልህ አልሞክርም፤ የተጻፈው ለማስፈራት ነው፤ ለመሄድ እግራቸውን ላነሡ ሰዎች ሊያስፈራቸው ይገባል። አንድ ነገር ግን አስተውል። የማይቻለው ነገር ንስሐ ነው ይላል። አንተ ደግሞ የምትፈራው ንስሐ ገብቼ እንኳ አልቀበል ይሆናል ብለህ ነው። ልብህ ወደዚያ እየተሳበ ከሆነ፣ ክፍሉ የሚናገርለት ሰው አንተ አይደለህም፤ ያ ሰው ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። ጸሐፊው ራሱ በዚያው ምዕራፍ ስለ አንባቢዎቹ የተሻለ ነገር እንደሚጠብቅ ይናገራል። ስለዚህ ንግግርህን አሳምረህ እስክትጨርስ አትጠብቅ፤ ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር እንደሆነ አታደርሰውም።

ለቀረኸው ደግሞ ስለ ማርቆስ ልንገርህ። በመጀመሪያው የወንጌል ጉዞ በጰርጌን ጥሏቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። በሚቀጥለው ጉዞ በርናባስ እንውሰደው ሲል ጳውሎስ እንቢ አለ፤ ጠባቸው እስኪለያዩ አደረሳቸው። ጳውሎስን አልፈርድበትም፤ በመንገድ የሚጥልህን ሰው ወደ አደገኛ አገር ይዘህ አትሄድም። በርናባስ ግን ማርቆስን ይዞ በመርከብ ወደ ቆጵሮስ ሄደ። ማርቆስ የአጎቱ ወይም የአክስቱ ልጅ ነበረ፤ ሰዎች ለዘመዱ አደላ ሳይሉት አልቀሩም። በዚያ ደሴት ምን እንዳደረጉ፣ በርናባስ ስንት ቀን እንደታገሠው፣ ማርቆስ ስንት ጊዜ እንደተሰናከለ አልተጻፈልንም። ለእልልታ የሚበቃ ታሪክ አልነበረው ይሆናል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጳውሎስ ታስሮ፣ ሞቱን እየጠበቀ፣ ለጢሞቴዎስ የመጨረሻ ደብዳቤውን ይጽፋል። ዴማስ ጥሎት ሄዷል። ከእርሱ ጋር ያለው ሉቃስ ብቻ ነው። ክረምት ሳይገባ እንዲመጣለት ይለምነዋል፤ ሲመጣም በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ይነግረዋል። ከእነዚህ በፊት የጠየቀው ሌላ ነገር አለ፤ ማርቆስን ይዘህልኝ ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና ይላል።